ለቤዚ የመጣ ገንፎ

የካቲት ሲገባ አሶሳ ዙሪያ ያለው ሣር ይቃጠላል። ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል፤ እንደ ደከመ መንገደኛ ሜዳው ላይ ይተኛና ማንጎውንም፣ ቀርከሃውንም፣ የጎረቤቱን ቆርቆሮም ግማሹን ትቶ ግማሹን ይውጠዋል። በዚህ ወር ከሩቅ የሚመጣ ሰው እግር የለውም። ከወገቡ በላይ እየተንሳፈፈ ይመጣና አጥሩ ሥር ሲደርስ ነው እግር የሚያወጣው። ወይዘሮ ሸዋሉል ይህን ወር አይወዱትም። የመጣውን ለመለየት ዐሥር ጊዜ ዓይን ማሸት አለ፤ ማንነቱ ያልታወቀ መጪ ደግሞ፣ እሳቸው ባዩት ነገር፣ መልካም ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ በር ይዘጋል። የቤታቸው በር ሦስት መዝጊያ አለው፤ ቁልፉ፣ መቀርቀሪያው፣ ከዚያ ከውስጥ የሚደገፈው የሙቀጫ ዘነዘና። ጓዳው ውስጥ ሁለት በርሜል ውሃ፣ የዓመት ማሽላ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የታሸገ ጨው አለ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመንግሥት መኪና ተጭነው ይህ የሰፈራ መንደር ላይ ከወረዱ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ውስጥ ሠላሳ ሁለቱን የኖሩት “አሁን ይመጣሉ፣ አሁን እንነሳለን” እያሉ ነው።

የልጅ ልጃቸው ቤዚ ግን ከማንቡክ ከተመለሰች ወዲህ በር መዝጋት ትታለች።

ከተመለሰች አምስት ወሯ ነው። ቤዚ አዋላጅ ነርስ ናት። እናቷ የወርቅውሃ በወባ ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጓት ሸዋሉል ናቸው። መተከል ያለችው ማንቡክ ተመድባ ስትሄድ አንዱን ሻንጣ በልብስ፣ አንዱን በጫማ ሞልታ ነበር የሄደችው። መቀመጫ ሳትጠርግ የማትቀመጥ፣ የቀረበላትን ምግብ በስልኳ ፎቶ ሳታነሳ የማትጎርስ ልጅ። ሁለት ዓመት ትሠራና አዲስ አበባ ትዛወራለች፤ ሐሳቧ ይኸው ነበር። ከዚያ መተከል ውስጥ ያ ነገር መጣ። ጤና ቢሮው ግጭት ይለዋል፣ ራዲዮኑ የጸጥታ ችግር ይለዋል። ሸዋሉል መሠረተ ትምህርት ተምረዋል፣ ቃል አይጠፋቸውም፤ ሰው ልጁን እየጎተተ ሲሮጥ ከታየ የነገሩ ስም ጦርነት ነው። ቤዚ ለዐሥራ አንድ ቀን ደብዛዋ ጠፋ። ከዚያ አለች ተባለ። መስከረም ላይ በሰው ሸሚዝ፣ ሁለቱ እግሮቿ የተለያየ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ቤት ገባች።

ያቺ የገባችው ልጅ ሌላ ናት። ሳጥን ውስጥ የቀረላትን ልብስ ለሰፈሩ ልጃገረዶች አከፋፍላ ሁለት ቀሚስ ብቻ አስቀረች። ስልክ ግዢ ሲሏት “ይደረስበታል” ትላለች። የሰጧትን ትበላለች። ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር መሬት ላይ ትቀመጥና ጭሱ ውስጥ አሻግራ ታያለች፤ ፊቷ ላይ ሐዘን የለም፣ እሳቸውን ያስፈራቸውም ይኸው ነው። ብታለቅስ ያውቁበት ነበር። አንድ ቀን ምን እንደምታይ ጠየቋት።

“ሰው ሲመጣ፣ እምዬ” አለች። “ደስ ይላል። መጀመሪያ ማንም ሊሆን ይችላል።”

ሸዋሉል ያን ሌሊት ዘነዘናውን ሁለት ጊዜ ተነሥተው አዩት።

ስልኩ የደወለው በየካቲት ሁለተኛው ሳምንት፣ ቤዚ ውሃ ልትቀዳ እንደ ወጣች ነው። የራሷ ስልክ ስለሌላት ለጤና ቢሮው የሰጠችው የአያቷን ቁጥር ነበር። የደወለው አብዱልሐሚድ ነው፤ የሠራተኞችን ጉዳይ የሚይዝ፣ ከአሶሳው የበርታ ሕዝብ የሆነ፣ ትሁት ሰው። ሸዋሉልን ከገበያ ያውቃቸዋል፤ አማርኛው ወንድና ሴት ያደባልቃል።

“ማማ ሸዋሉል፣ ሰላም ነሽ? ቤዚ አለ?” አላቸው። ማንቡክ ያለው ጤና ጣቢያ እንደገና ሊከፈት መሆኑን፣ አዋላጅ የምትባል አንዲትም እንደሌለ፣ ቤዚም ታኅሣሥ ላይ ራሷ መጥታ “ሲከፈት መልሱኝ” ብላ መፈረሟን ነገራቸው። እስከ የካቲት ሃያ አራት ድረስ ካልሄደች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ራሷ መጥታ ፈርማለች። ሸዋሉል ስልኩን ከጆሯቸው አራቁትና አዩት፤ ከዚያ መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። አፋቸው ሊናገር የፈለገው ብዙ ነበር፤ ታማለች፣ ሄዳለች፣ የለችም። እነዚህ ሁሉ የሚጣሩ ነገሮች ናቸው። የማይጣራ፣ ማንም ደፍሮ ና አሳየኝ የማይለው አንድ ነገር ብቻ ትዝ አላቸው።

“አትችልም፣ ልጄ። እርጉዝ ናት።”

አብዱልሐሚድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አላህ ያቅልልለት፣ ማማ” አለና ዘጋ።

ሸዋሉል ከመደቡ ላይ ሳይነሡ ብዙ ቆዩ። የተናገሩት ነገር ቀስ እያለ ነው የገባቸው። ቤዚ ባል የላትም። ከተመለሰች አምስት ወሯ ነው። ያለ ባል ከጦርነት የተመለሰች ልጅ አርግዛለች ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። በገዛ አፋቸው፣ ማንም ያላደረገውን ነገር በልጃቸው ላይ አደረጉት። ወዲያው መልሰው ሊደውሉ የስልኩን ቁልፍ ነኩ፤ እውነቱን ቢናገሩ ግን ልጅቷ ትሄዳለች። ስልኩን አጠፉትና ከጨው ጣሳው ኋላ ደበቁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ አሉ፤ ይቅርታ እስኪሰጥ ግን ነገሩ እንዳለ ይቆይ።

ነገሩ እንዳለ አልቆየም። የአብዱልሐሚድ ሚስት ገበያ ላይ ከብዙወርቅ ጋር ጎን ለጎን ነው በርበሬ የምትሸጠው። ብዙወርቅ ደግሞ የሸዋሉል የአጥር ጎረቤት ናት፤ በአንድ መኪና ከወሎ የመጡ፣ በዶሮ ምክንያት ሠላሳ ዓመት ሲነታረኩ የኖሩ። የሚያኮርፉትም የሚታረቁትም በአጥሩ ቀዳዳ ነው። በዚያ ሳምንት ብዙወርቅ በቀዳዳው ብቅ አላለችም። ሸዋሉል ዝምታውን ሲያዩ ወሬው መድረሱን አወቁ። ዶሮዋ ግቢያቸው ገብታ ጎመኑን ስትጭር እንኳ ወጥተው መሳደብ አቃታቸው።

ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ሴቶቹ መጡ።

ከጭሱ ውስጥ ነው የመጡት፤ ሰባት ነጭ ነጠላ፣ እግር የሌለው፣ እየተንሳፈፈ። ሸዋሉል ከደጃፉ ሆነው አዩዋቸው። በሩን ሊዘጉ ተነሡ፤ ቤዚ ማንጎው ሥር ስለ ነበረች ከበሩ ውጪ ልትቀር ሆነ፣ ተዉት። እግሮቹ አጥሩ ሥር ሲደርሱ በቀሉ። ከፊት ብዙወርቅ በሰታቴ ገንፎ፣ ከኋላዋ እትዬ ሉባባ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው፣ የቀሩትም የመንደሩ ሴቶች፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ግማሾቹ እስላም። ከወሎ የመጣ ልማድ ነው። አንዲት ሴት ስታረግዝ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይሄዳል፤ እርጉዟ መካከል ትቀመጣለች፣ ራሷ ቅቤ ይቀባል፣ ትመረቃለች። የሚደረገው ወሩ ሲቀርብ ነበር። እነዚህ ግን ቀን ሳይቆጥሩ፣ ሆድ ሳያዩ መጡ።

ሸዋሉል የጠበቁት ጥያቄውን ነበር። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ከዚያ ክፉ ጥር አስቀድሞ፣ ከተማው በጦር ከመያዙና የሰፈራው ሰው ሁሉ ወደ ጫካ ከመበተኑ በፊት፣ ይህችው ብዙወርቅ ሳታገባ ያረገዘችን ልጅ ከቧንቧ ወረፋ አስወጥታለች፤ እንስራዋንም በእግሯ ገፍታዋለች። የማን እንደሆነ ሳትናገር ውሃ የለም ብላ። ሸዋሉልም አጠገቧ ቆመው ስቀው ነበር። አሁን ብዙወርቅ ሰታቴውን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቤዚን “ነይ የኔ እናት፣ እዚህ ተቀመጭ” አለቻት። ማንም የማን ነው አላለም። ማንም ስንት ወርሽ ነው አላለም።

ቤዚ ወደ አያቷ ዞረች። ሸዋሉል ከዚያች ዓይን የሚሸሹበት አጡ። ሁሉም ነገር ፊታቸው ላይ ተጽፎ ነበርና ልጅቷ አንብባ ጨረሰችው። አሁን ትናገራለች፣ አሉ በልባቸው፤ አሁን “እኔ ምንም የለብኝም፣ የዋሸችው አያቴ ናት” ትልና በሰባት ሴት ፊት አፈር እበላለሁ።

ቤዚ ሄዳ መካከላቸው ተቀመጠች። መሬቱን ሳትጠርግ።

እትዬ ሉባባ ሻሿን ፈቱላት። ቅቤው በፀሐዩ ሟሟ፤ በግንባሯ፣ በጆሮዋ ኋላ፣ ወደ አንገቷ ወረደ። ዓይኗን ጨፈነች። ብዙወርቅ ገንፎውን በእጇ አጎረሰቻት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። “ማርያም በሽልም ታውጣሽ” ይላሉ እነዚያ፣ “አላህ በሽልም ያውጣሽ” ይላሉ እነዚህ፤ ሁለቱ ምርቃት ጭሱ ውስጥ ገብቶ አንድ ድምፅ ይሆናል። ማንጎው አብቦ ስለ ነበር ሽታው ከቅቤው ጋር ተደባለቀ። ሸዋሉል ከደጃፉ ሆነው ሲያዩት፣ የሚያዩት የዛሬ ነገር አልመስል አላቸው፤ ያ መኪና ገና ሳይመጣ፣ እናታቸው ቤት፣ እሳቸው ራሳቸው የተቀቡበት ቀን መሰላቸው። እንባቸው ወረደ። ሴቶቹ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ሲነሡ ብዙወርቅ በሸዋሉል በኩል አለፈችና ትከሻቸውን ጨበጥ አደረገች። “ዶሮዋን ነገ አስራታለሁ” አለች።

ጭሱ መልሶ ከዋጣቸው በኋላ ቤዚ እንደተቀመጠች ሳቀች። አምስት ወር ሙሉ ያልተሰማ ሳቅ ነበር፤ ሆዷን ይዛ፣ ቅቤው እያንጠባጠበ።

“እምዬ፣ ስንት ወሬ ነው?” አለች።

“አትሳቂ። ግደይኝ ከፈለግሽ፣ አትሳቂብኝ” አሉ ሸዋሉል። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ስልኩን፣ አብዱልሐሚድ የሰጠውን ቀን፣ ጣሳውን። ነገ ቤት ለቤት ዞረው ለእያንዳንዷ ሴት እውነቱን እንደሚናገሩ ማሉ። ማንቡክን ግን አትሂጂ አሉ። እዚሁ አሶሳ ሥራ አይጠፋም፤ የሚያገባትም አይጠፋም፣ ይህ ወሬ ሲረሳ። ሌላው ሁሉ ይቅርና በሕይወት መኖር ይበቃል አሉ። እሳቸው ከጦርነት የተማሩት ይህን ነው፤ ያለህን ይዘህ በርህን መዝጋት።

የቤዚ ሳቅ ቀስ ብሎ አለቀ። ከዚያ ስለዚያ ዐሥራ አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረቻቸው።

ክትባት ልትሰጥ ከማንቡክ ወጣ ያለ መንደር ሄዳ ነበር። ተኩስ ሲሰማ ሁሉም በየፊናው ሮጠ፤ እሷም ሮጠች፣ ጫካ ውስጥ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን አንዲት ወንዝ ዳር ተደብቃ ሳለ አንዲት የጉሙዝ ሴት ብቻዋን መጣች፤ ውሃ የያዘ ቅል፣ ትንሽ መጥረቢያ። ቤዚ ለምን እንደመጣች አወቀች። የጉሙዝ ሴት እንደ ጥንቱ ልማድ ስትወልድ ከቤት ትርቃለች፤ የወሊድ ደም ግቢ ውስጥ አይፈስም። ቤዚ ራሷ ስንት ጊዜ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቆማ እነዚህን ሴቶች ተቆጥታለች፣ አውሬ ናችሁ ወይ እስክትል። ሴትዮዋ አየቻትና መጥረቢያውን አነሣች። ቤዚ ሁለት እጇን አነሣች። እንደዚያ ሆነው ቆሙ።

“እሷ እኔን ፈርታ፣ እኔ እሷን ፈርቼ። ከዚያ ምጡ መጣባት። መጥረቢያው ከእጇ ወደቀ።”

እትብቱ የሕፃኑን አንገት ሁለት ጊዜ ዞሮት ነበር። ብቻዋን ብትሆን ይሞት ነበር። ቋንቋ አልነበራቸውም፤ በእጅ ነው የተነጋገሩት። ሲመሽ ሴትዮዋ ልጇን ይዛ ሄደች፤ ሰው ይዛ ትመለሳለች ብላ ቤዚ ስትንቀጠቀጥ አደረች። በማግስቱ ብቻዋን መጣች፣ በቅጠል የተቋጠረ ገንፎ ይዛ። እየመጣች ስድስት ቀን መገበቻት። ከዚያ ማንም በማያውቀው መንገድ እየመራች አስፋልቱ ዳር አድርሳት ተመለሰች።

“እምዬ፣ ያን ጊዜ ያ ሁለት ሻንጣ የት እንዳለ እንኳ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ጓንት ነው። ጓንት ቢኖረኝ አልኩ። አሁን ማንጎው ሥር ስቀመጥ የማስበው እነዚያን ወንዝ ዳር ብቻቸውን የሚሄዱትን ነው። ጤና ጣቢያ ኑ ብዬ አልጠራቸውም፤ እኔ ነኝ የምሄደው፣ ወንዙ ድረስ። ይህን ምርቃት ደግሞ እኔ ምን አደርገዋለሁ? የምትወልድ ሴት ነው የሚፈልገው።”

ሸዋሉል ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ቁጣ አልነበረም።

“ቀርከሃው ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች” አሉ።

ቤዚ ዞር ብላ አየቻቸው።

“በዚያ ጥር። እናትሽ ስምንት ዓመቷ ነው፣ በእጇ እየጎተትኳት እሮጣለሁ። ነጠላዬን አንድ ነገር ያዘብኝ። እሾህ ነው አልኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት እሾህ ነው ስል ኖርኩ። እሾህ አልነበረም። ምጥ የያዛት ሴት ናት፣ ተቀምጣ፣ ጥርሷን ነክሳ። የየትኛው መንደር እንደሆነች አላውቅም። ነጠላውን ጣልኩላትና ሄድኩ። ስንመለስ ቦታውን ፈለግኩት፤ ቀርከሃ ሁሉ አንድ ነው፣ አጣሁት። በር የምዘጋው ታጣቂ ፈርቼ ይመስልሻል?” ወደ በሩ አዩ። “በዚህ ወር፣ ጭሱ ሲተኛ፣ እሷ ትመጣለች ብዬ ነው። ልጇን ይዛ።”

ቤዚ ተነሥታ አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች። አይዞሽ አላለችም፣ እግዜር ይቅር ይልሻል አላለችም። ቅቤ የተቀባ ራሷን ጭናቸው ላይ አስደገፈች፤ ቀሚሳቸው ራሰ፣ ተዉት። ፀሐይዋ ጭሱ ውስጥ እንደ ብርቱካን ቀልታ እስክትገባ ድረስ እንዲያ ቆዩ። በሩ ክፍት ነበር። አንዲት ላም አለፈች፣ አንድ ባጃጅ ድምፁ ብቻ አለፈ። ማንም አልመጣም።

ከዚያ ሸዋሉል ተነሥተው ስልኩን ከጣሳው ኋላ አወጡ። አብዱልሐሚድ አነሣ። ዋሽቻለሁ አሉት፤ ልጅቷ ምንም የለባትም፣ የማይረባ አሮጊት ነኝ፣ ቦታውን ለሌላ ሰጥታችሁት ከሆነ እግራችሁ ላይ እወድቃለሁ።

“ማማ፣ እኔ አልሰረዝኩም” አለ። “ለእርግዝና የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት ሳይመጣ ስም አይነካም።” ትንሽ ቆየና ሳቅ አለ። “ወላሂ፣ ባለቤቴ ግን ልብስ መስፋት ጀምሯል፣ የሕፃን።”

“ትጨርሰው” አሉ ሸዋሉል። “ማንቡክ ይሄዳል።”

በሃያ ሁለት ጠዋት መናኸሪያ ሄዱ። መንገዱ በነቀምት ዞሮ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ የት እንደሚታደር፣ የትኛው ኬላ ላይ ምን እንደሚባል ሸዋሉል ሾፌሩን ሦስት ጊዜ ጠየቁት፤ በአራተኛው ሾፌሩ “እናቴ፣ ለምን አብረው አይሄዱም?” ብሎ ቀለደ። ሸዋሉል እንደ ቀልድ አልወሰዱትም። ወጡና ከቤዚ አጠገብ ተቀመጡ። እስከሚቀጥለው ከተማ፣ ባምባሲ ድረስ ብቻ ነው አሉ።

ከዚያ ጥር ወዲህ ከአሶሳ ወጥተው አያውቁም። መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። ሜዳው አመዱን ለብሶ ያልፋል፤ አመዱ መካከል መርፌ የምታህል አረንጓዴ ሣር ወጥታለች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ቤዚ ትከሻቸው ላይ አንቀላፍታለች። ቀርከሃው መጣ፣ መንገዱን ከግራ ከቀኝ ይዞ፣ አለቀ። ምክር ሊሰጡ ያዘጋጁት ብዙ ነበር። የውሃው፣ የአጎበሩ፣ የማታ መውጣቱ። ባምባሲ እስኪደርሱ አንዱንም አልተናገሩም፣ እንዳትነቃ።

ባምባሲ ላይ ወረዱ። አውቶቡሱ ሲሄድ ጭሱ መጀመሪያ ጎማውን፣ ከዚያ አካሉን ወሰደው፤ ጣሪያው ላይ የታሰረው ሻንጣ ብቻ ትንሽ ተንሳፈፈና ጠፋ። ሸዋሉል ባልለመዱት ከተማ፣ ጥላ በሌለበት ብቻቸውን ቆሙ። መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ ሴት ከተቀመጠችበት ድንጋይ ጠጋ አለችላቸው። የወለጋ ሰው ናት፣ በአነጋገሯ ያስታውቃል። የአሶሳ መኪና ገና እንደሚቆይ ነገረቻቸውና ሙዝ ልጣ ሰጠቻቸው።

“ማንን ሸኝተው ነው፣ አዴ? ልጅዎን?”

ሸዋሉል ሙዙን ይዘው መንገዱን አዩ።

“አዋላጅ ናት” አሉ። “የሚጠብቋት አሉ።”